ባዶ ትተሻል?

ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫውና ከጫማ ጠጋኙ መሀል፣ አንዲት ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት አለች። የሁለተኛው ወንበር መቀመጫ ከተቀደደ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን የቆየ ጋዜጣ ይከመርበታል። የመጀመሪያው ላይ ግን የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ተራ በተራ እየተቀመጠ ተመክሯል። ተቆርጧል ማለቴ ነው፤ እዚያ ቤት ግን ሁለቱ አይለያዩም።

ባለቤቱን በፊቱ ሁሉም “ጋሼ” ይለዋል። ዞር ሲል “አንድ ጎደሎ” ነው። ስሙን ያወጡለት አብረውት የተፈተኑ ጓደኞቹ ናቸው፤ እነሱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ እሱ በአንድ ነጥብ ቀረ። በአንዲት ነጥብ። በአሥር ቢሆን ኖሮ ሰው ይረሳው ነበር፣ እሱም ይተወው ነበር። አንድ ግን አያስተኛም። ስሙን እንደሚጠሩት ያውቃል፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእሱ ጊዜ ፈተናው አራት አራት ምርጫ ያለው ነበር፤ ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነገር አልነበረም። ያላወቀ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን ክብ ቢያጠቁር ወይ ያገኛል፣ ወይ ሳያገኝ ይቀራል፤ የሚነካበት የለም። ይህን ተማሪው ሁሉ ያውቃል። ያላወቀው አባቱ ነው። አባቱ አናጺ ነበር፤ ሳይለካ የማይቆርጥ፣ ያላየውን አየሁ የማይል፣ እንጨት የጠመመበት እንደሆነ የሠራውን አፍርሶ የሚጀምር ቀጥ ያለ ሰው። የፈተናው ጠዋት ልጁን በር ድረስ ሸኘውና፣ “የማታውቀውን አውቃለሁ ብለህ እንዳትጽፍ። የገመትከው መልስ የሰረቅከው መልስ ነው” አለው። ልጁም የአባቱን ቃል አክባሪ ነበረና ያልተረጋገጠለትን ጥያቄ ሁሉ ባዶ ትቶ ወጣ። ከተዋቸው ውስጥ አንዱን እንኳ በዕድል ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ የሚያወራ አይኖርም ነበር።

አባቱን አልሰደበውም፤ ጮሆም አልተጣላውም። ዝም አለው። “አዎ” እና “አይ” ብቻ ቀሩለት። ሽማግሌው አርጅቶ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በየሳምንቱ እየመጣ እዚችው ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። ልጁ ፎጣውን አንገቱ ላይ ያስርለታል፣ አረፋውን ይቀባዋል፣ አንድ ቦታ ሳይቆርጠው ጥርት አድርጎ ይላጨዋል፤ ቃል ግን አይወጣውም። ሽማግሌው በመስታወቱ ውስጥ የልጁን ፊት ሲያይ ይቆያል። ሲያበቃ “እግዜር ይስጥህ” ይላል፤ መልስ የለም። መጥረጊያ ከቁመቷ የሚበልጥባት የፀጉር ቆራጩ ልጅ ወለል ላይ የወደቀውን እየጠረገች ይህን ሁሉ ታያለች። አንድ ቀን እናቷን፣ “አባዬ አያቴን ለምን አያናግረውም?” ብላ ጠየቀቻት። “ተኮራርፈው ነው፤ ይታረቃሉ” አለቻት እናቷ። ሳይታረቁ አናጺው ሞተ።

ሰውየው ለአባቱ ያልተናገረውን ሁሉ ለሰፈሩ ልጆች ተናገረው። የፈተና ወር ሲደርስ ተማሪ በግማሽ ዋጋ ይቆርጣል፤ ሰበቡ “ፀጉር ዓይን ውስጥ እየገባ አትፈተኑ” ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ቶንዶሱን ይዞ ከማጅራት ይጀምራል። ተቆራጩ አንገቱን ደፍቶ አገጩ ደረቱን ሲነካ፣ ያኔ ምክሩ ይመጣል። አንገቱን የደፋ ሰው ደግሞ ክርክር አይሆንለትም። “ባዶ አትተው” ይለዋል። “የምታውቀውን ሥራ፣ የማታውቀውን ገምት፣ ባዶ ግን አትተው። ባዶ የተወ ሰው የት እንደሚደርስ ማየት ከፈለግክ ቀና በልና መስታወቱ ውስጥ እኔን እየኝ።” ልጆቹ ይስቃሉ፤ ግን ይሰሙታል። ከመካከላቸው አንዱ መሐንዲስ ሆኖ ተመልሶ አዲስ ቶንዶስ በስጦታ አምጥቶለታል፤ “ጋሼ፣ በግምት ነው የገባሁት” ብሎ። ሰውየው ያን ቶንዶስ እንደ ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነበር። እውነቱን ለመናገር ምክሩ ለብዙ ዓመት ልክ ነበር። ጣጣውም እሱ ነው፤ ብዙ ዓመት ልክ የነበረ ሰው እንደተሳሳተ የሚነግረው ቢመጣ አይሰማም።

ያለችው አንዲት ልጅ ናት። እሱ “እሙ” ይላታል። እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ልጅቷ ትንሽ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ሥራ እስክትጨርስ ከመድኃኒት መስጫው መስኮት ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ክኒን እየቆጠረች ታሽጋለች። “እሷ እስክትሰጥ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ሐኪሙ ራሱ ይጠብቃታል” ብላ ነበር አንድ ቀን፣ አፏን ከፍታ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቧን ቀይራ አታውቅም። ፋርማሲስት ልትሆን። ለዚያ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት፣ ለመግባት ደግሞ መቁረጫ ነጥቡን ማለፍ። ኬሚስትሪ ላይ የሚስተካከላት አልነበረም፤ ሒሳብ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ እሱንም ሌሊት ቁጭ ብላ ትታገለዋለች።

የሒሳብ አስተማሪዋ የአባቷ ደንበኛ ነው። ራሱ ላይ የቀረችው ፀጉር ባትበዛም በየአሥራ አምስት ቀኑ መጥቶ ያስተካክላል። ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው አንድ ቅዳሜ መጣና ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ፣

“ዘንድሮ ፈተናው ተለውጧል” አለ። “ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀንሳሉ። ባዶ የተወ ምንም አይነካበትም። ገምቶ የሳተ ግን ካገኘው ላይ ይወሰድበታል።”

ፀጉር ቆራጩ መቀሱን አላቆመም። “ማን አለ?”

“ከላይ የመጣ ነው። ለተማሪዎቹም ነግረናቸዋል።”

“ባለፈው ዓመት ካልኩሌተር ይፈቀዳል ብላችሁ ነግራችኋቸው አልነበር? በር ላይ ሰብስበው ወሰዱባቸው።”

“ያ ወሬ ነበር። ይሄ ወሬ አይደለም።”

“ወሬ ሁሉ ሲመጣ ‘ወሬ አይደለሁም’ እያለ ነው የሚመጣው።”

ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። ሳቅ ደግሞ ይህን ሰውዬ ያሰክረዋል። “መምህር፣ አንተ አናትህ ላይ መቀነስ ስለበዛብህ ሁሉም ነገር የሚቀነስ ይመስልሃል” አለና ማበጠሪያውን ራሰ በራው ላይ አንሸራተተው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ መምህሩም አብሮ ሳቀ። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ “ለልጅህ ስትል አጣራ” አለው። አላጣራም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እዚያች ቤት ያን ቀን ሁለቱም ነበሩ።

ሞኝ ነው ብዬ ብተወው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሞኝ አይደለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ባዶ ክብ ባየ ቁጥር ያ የወጣትነቱ ወረቀት ነው የሚመጣበት። “ባዶ ተዉ” የሚል ቃል ከማንም አፍ ይውጣ፣ ለእሱ የአባቱ ድምፅ ነው።

ያን ማታ ራት ላይ ልጅቷ ራሷ አነሳችው። “አባዬ፣ መምህራችን ይቀነሳል እያለ ነው። እውነት ቢሆንስ?”

“ያስፈራሯችኋል።”

“ቢሆንስ ግን?”

“አንቺም እንደ አያትሽ ልትሆኚ ነው?” አላት።

በዚያ ቤት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ልጅቷ ዓይኗን ወደ ሳህኗ መለሰች። “እሺ አባዬ” አለች። እናቷ የታጠበውን ልብስ እያጣጠፈች፣ “ልጅቷ የጠየቀችህን መልስላት እንጂ ሙት ለምን ትቀሰቅሳለህ?” አለችው። እሱ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

የፈተናው ቀን ፀጉር ቤቷን ዘግቶ በሩ ላይ “ልጄን እየጠበቅኩ ነው” ብሎ በካርቶን ለጠፈ። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ከሌሎች ወላጆች ጋር ቆመ፤ ፀሐይዋ አናቱን ስትመታው እንኳ ወደ ጥላ አልሄደም፣ ሳያያት ታልፋለች ብሎ። ተማሪዎቹ መውጣት ሲጀምሩ ከሁሉ ኋላ መጣች። ጣቷ በእርሳስ ጠቁሯል፣ ከንፈሯ ደርቋል። እንዴት ነበር አላላትም፤ ከበዳት ወይ፣ ቀለላት ወይ አላላትም።

“ባዶ ትተሻል?”

ልጅቷ ትንሽ አየችው። “አልተውኩም፣ አባዬ።”

“አንድም?”

“አንድም።”

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አቅፎ ግንባሯን ሳማት፤ “ጎሽ የኔ ልጅ! እኔን የበላኝ አንቺን አልበላሽም” አለ። መንገዱን ሁሉ እሱ ሲያወራ እሷ ራሴን አሞኛል አለችው። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ከጥናት ነው አለና ተወው።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ አንድ ከሰዓት መጣ፣ ሰው እየቆረጠ ሳለ። የእሱ ስልክ የውጤቱን ገጽ አልከፍት ብሎት ሲጨቃጨቅ የሒሳብ አስተማሪው በሩ ላይ ቆመ። ፀጉሩ ገና አላደገም፤ ለመቆረጥ አለመምጣቱን ሁሉም አወቀ። ደንበኛው ግማሽ እንደተቆረጠ ፎጣውን ፈትቶ ተነሥቶ ወጣ፤ ሰው እኮ አንዳንዴ ደግ ነው። መምህሩ በጋዜጣው ክምር ላይ፣ በተቀደደው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

“አላለፈችም” አለ።

ፀጉር ቆራጩ ቶንዶሱን ማጥፋት ረስቶ ይዞት ቆመ፤ እጁ ላይ ይንጫጫል።

“ያገኘችው ብቻ ቢቆጠር ታልፍ ነበር” አለ መምህሩ። “መልሳ ያገኘችው ከመቁረጫው በላይ ነው። የተቀነሰባት ነው የጣላት። ሁሉንም ሞልታዋለች፤ የማታውቀውንም።”

“በስንት?”

“ተወው።”

“በስንት ነው የምልህ?”

“ከአንድ ነጥብ ብዙም አይበልጥም።”

ቶንዶሱ እየጮኸ ነው። መምህሩ ተነሥቶ ከእጁ ወስዶ አጠፋለት። ተቆጥቶ ነበር፤ ግን በእሱ ብቻ አይደለም። “አራት ዓመት ነው ያስተማርኳት። ምን እንደምታውቅ፣ ምን እንደምትችል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ሰው ደውሎ ‘ይህች ልጅ እንዴት ናት?’ አላለኝም። አይሉም፤ ማን ጠይቆን ያውቃል” አለ። ልክ ነው። የተማረችበት ዘመን ሁሉ፣ ያነጋችበት ሌሊት፣ በክፍል ውስጥ ያነሳችው እጅ በሙሉ በአንድ ከሰዓት ወረቀት ላይ ተለካ። ወረቀቱን የሚያነበው ማሽን ደግሞ የጠቆረውንና ያልጠቆረውን ይለያል እንጂ፣ ማን ፈርቶ እንዳጠቆረው ምን ተዳው።

ቤት ሲገባ ወሬው ቀድሞታል። ሚስቱ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም፤ በረኪና በረኪና እየሸተተች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” አለችው። “እሷም አይደለችም የጣለችው።” ከዚያ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ በፊቱ ብላው የማታውቀውን አለችው። “አንድ ጎደሎ ለቤቴ ይበቃኝ ነበር።”

እሱ ወደ ልጁ ዞረ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። “መመሪያው አልተነበበላችሁም? ይቀነሳል አላሏችሁም?”

“ተነብቧል።”

“ታዲያ ለምን አልተውሽም? ጆሮ የለሽም?”

“ትቼ ነበር” አለች። “የማላውቀውን ሁሉ ትቼ ጨርሼ ነበር። ጊዜ ተረፈኝ፤ እርሳሴን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ከዚያ አንተ በር ላይ ቆመህ ታየኸኝ። ‘ባዶ ትተሻል?’ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ትቻለሁ ብዬህ ፊትህን ማየት አልቻልኩም። ትቼ ደግሞ አልተውኩም ብዬ ልዋሽህም አልቻልኩም። ስለዚህ ሞላኋቸው።”

አላለቀሰችም። እንዲህ ያለ ነገር ሳያለቅሱ ሲናገሩት ለሰሚው ይብሳል። ሰውየው ከበሩ ሳይገባ ከበሩ ሳይወጣ ቆሞ ቀረ፤ በመጨረሻ እናትየው መጥታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችበት።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መፈተን ይቻል ነበር። እሱ ሄዶ ጠየቀ፣ ተመዝገቢ አላት። “እሺ አባዬ” አለች፤ አልተመዘገበችም። መጽሐፎቿን ለጎረቤት ልጅ ሰጠቻቸው። እናቷ ለአለቃዋ ተናግራ ልብስ እጥበት ክፍል አስገባቻት፤ አሁን ጠዋት ጠዋት እናትና ልጅ አብረው ይወጣሉ። አንሶላ የሞላ ጋሪ እየገፋች በመድኃኒት መስጫው መስኮት ፊት ለፊት ታልፋለች። የነጭ ጋዋኗ ሴትዮ ጡረታ ወጥታ ሌላ ወጣት ተቀምጣለች። የእሷንም ጋዋን ልጅቷ ናት የምታጥበው።

ሰውየውን ግን የጨረሰው ይህ አይደለም። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ አላስቀየመችውም። ውሃ ሲጠይቃት ታመጣለታለች፣ ሸሚዙን ትተኩስለታለች። ሲጠይቃት “አዎ”፣ ሲጠይቃት “አይ”። ከዚያ ያለፈ ቃል የለም። መጀመሪያ ሐዘኗ ነው፣ ይለቃታል አለ። ቆይቶ ግን ዝምታውን ለየው። ማንም አላስተማራትም አይባልም፤ እዚያው ቤት፣ መጥረጊያ ይዛ፣ ሲሠራበት አይታዋለች።

የፈተና ወር ዞሮ መጣ። ወሬው ሰፈሩን ሁሉ ስላዳረሰ ግማሽ ዋጋ ቢልም እንደ ድሮው አልጎረፉም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ተማሪ ተቀመጠለት፤ ከሌላ ሰፈር የመጣ መሆን አለበት፣ ምንም አያውቅም። ልጅቷም የፀጉር ቤቱን ፎጣዎች አጥባ ይዛ ገብታ መደርደሪያው ላይ እየደረደረች ነበር።

“ጋሼ፣ ጥሩ ምክር ትሰጣለህ አሉኝ” አለ ተማሪው አንገቱን ደፍቶ። “የማላውቀው ጥያቄ ሲመጣ ምን ላድርግ?”

ቶንዶሱ ማጅራቱ ላይ ቆመ። ሰውየው በመስታወቱ ውስጥ ልጅቷን አየ፤ እሷ ፎጣዋን ታጥፋለች። “እኔ እንጃ” አለ። “እዚያ የሚነበብላችሁን ስማ። አባትህ የሚልህን ተወው።” ተማሪው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ተቆርጦ አበቃ፣ ፀጉሩን አራግፎ ሄደ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። አባትየው ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እሱ ራሱ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ማንም አይቶት አያውቅም። ፊቱ ከመስታወቱ ጋር ተፋጠጠ፤ ሽማግሌው ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ፣ የሽማግሌው ጉንጭ፣ የሽማግሌው ዓይን።

“እሙ” አላት። “እስኪ ተቆጪኝ። የፈለግሽውን በይኝ። ስደቢኝ፤ ምንም አልልሽም።”

ልጅቷ የመጨረሻውን ፎጣ ይዛ ዞር አለች። “አንተ አያቴን ምን አልከው?”

“ምንም አላልኩትም” አለ።

“እኔም ምንም አልልህም።”

ፎጣውን አጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። መጥረጊያውን አነሳችና ተማሪው የተወውን ፀጉር ከወንበሩ ሥር መጥረግ ጀመረች፤ መጥረጊያው ሲደርስበት እግሩን አነሳላት።